የሚኒስቴር መልእክት ጀሞ ድረስ

ከጤና ሚኒስቴር የወጣ ደብዳቤ አዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። ከሚኒስቴሩ ወደ ከተማው ጤና ቢሮ፣ ከቢሮው ወደ ክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ወረዳና ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያው ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይሄዳል። በየደረጃው ሸኚ ደብዳቤ ይጨመርበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ “ለሚመለከታቸው ሁሉ” ተብሎ ይመራል። መጨረሻ ላይ ባለሙያዋ በር አንኳኩታ አንዲት እናት ፊት ስትቆም ግን ሸኚውም ማኅተሙም አብሯት የለም። በእጇ የቀረው በቃሏ የምትናገረው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ መመሪያ ስለ እነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ነው።

የተጻፈው በወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ለሚሠሩ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ለርእሰ መምህራን፣ ለዕድር ጸሐፊዎችና ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባላት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ የመንግሥትን ቃል ለጎረቤትዎ የማድረስ ኃላፊነት አለብዎት፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ እንዴት እንደሚያደርሱት ማንም አላሠለጠነዎትም።

አብዛኛውን ምሳሌ የማወጣው ከአንድ ጉዳይ ነው፤ ለልጃገረዶች ከሚሰጠው የማኅጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት። ይህን ጉዳይ የመረጥሁት መልእክት የሚፈተንበትን ሁሉ ስለ ያዘ ነው። ክትባቱ የሚሰጠው ምንም ላላመማት ልጅ ነው። ጥቅሙ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ወሬ ይበዛበታል። መልእክቱ ራሱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለውጧል። በሽታው በኢትዮጵያ ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሂውማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። አገራችን ክትባቱን መስጠት የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ካንሰርን አስቀድሞ የሚከላከል ክትባት ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው፤ አንዲት ልጅ ይህን ዕድል በደንብ ባልተጻፈ ማስታወቂያ ምክንያት ብታጣው ያንገበግባል።

መጀመሪያ ደብዳቤውን ራስዎ ይረዱት

ደብዳቤው እጅዎ ሲገባ ወዲያው ኮፒ አድርገው አይለጥፉት፤ ፎቶ አንሥተውም ቴሌግራም ላይ አይጫኑት። ባዶ ወረቀት ያውጡና እነዚህን ይመልሱ፦ ማን? ምን ያድርግ? የት? መቼ? ስንት ይከፍላል? ለምን? ስድስቱንም ከደብዳቤው ውስጥ ፈልገው በራስዎ ቃል ይጻፏቸው።

ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ደብዳቤው ውስጥ አይገኙም። “በተመረጡ ቦታዎች” ይላል፤ የትኞቹ? “በዘመቻው ቀናት” ይላል፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት? ያልተመለሰውን ይዘው ወደ ክፍለ ከተማው የክትባት አስተባባሪ ይደውሉ። ይህን ጥሪ ካላደረጉ ያው ጥያቄ ጤና ጣቢያው በር ላይ ልጇን ይዛ የቆመችው እናት ጋ ይደርሳል፤ እርሷ ደግሞ ግማሽ ቀን ሥራዋን ትታ የመጣች ናት።

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ይምረጡ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ አንድ ዓይነት ሰው የሚኖርበት ሰፈር አይደለም። ጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት በኮንዶሚኒየም ዕጣ የተገናኙ፣ ከከተማው ከየአቅጣጫው የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ጎፋ ውስጥ ዕድሮቻቸው የጠነከሩ ነባር ሰፈሮች አሉ። ሐና ማርያም አካባቢ ከከተማው መስፋፋት በፊት ያርሱ የነበሩ፣ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚነገርባቸው ቤተሰቦች አሉ። ለቡ ደግሞ ግቢው ትልቅ፣ በሩ ብረት ሆኖ ዘበኛ የሚከፍትበት ቤት ይበዛል። ለእነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጽፉ ቃላቱ ሁሉንም ለመንካት ብለው ማንንም ሳይነኩ ይቀራሉ።

ስለዚህ ሲጽፉ አንድ ሰው በዓይነ ኅሊናዎ ያስቀምጡ። የ11 ዓመት ልጅ ያላት፣ ጀሞ ሦስት አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ታክሲ ለመያዝ የምትወጣና ማታ የምትመለስ እናት ትሁን። ይቺን እናት ካሰቡ አንድ ነገር ወዲያው ይታይዎታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቀን ስታንኳኳ በሩን የምትከፍትላት እናትየዋ አይደለችም። የምትከፍተው አያት ናት፣ ወይም የቤት ሠራተኛ። እንግዲህ መልእክቱን የሚሰማው ሌላ፣ የሚወስነው ሌላ ነው። በር ላይ የተነገረው ማታ እናትየዋ ጋ ሳይዛነፍ እንዲደርስ በትንሽ ወረቀት ታትሞ መተው አለበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በሩን ስለምትከፍተው ልጅ ማንም ሲያነሣ አልሰማሁምና። አዲስ አበባ ውስጥ ከገጠር መጥተው በዘመድ ቤት የሚኖሩ፣ ልጅ የሚጠብቁ፣ ሥራ የሚያግዙ፣ ትምህርት ቤት የማይሄዱ ወይም ማታ ብቻ የሚማሩ ልጃገረዶች አሉ። ዕድሜያቸው ብዙ ጊዜ ክትባቱ በሚመለከተው ክልል ውስጥ ነው። ክትባቱ በዋናነት በትምህርት ቤት ስለሚሰጥ እነርሱ ያመልጣቸዋል። ማስታወቂያው ደግሞ “ልጅዎን ያስከትቡ” ሲል የቤቱ እመቤት የምታስበው የወለደቻትን ብቻ ነው። ሁለት ቃል መለወጥ ይህን ያቃናል፦ “ቤትዎ የምትኖር ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆናት ልጅ ሁሉ።” በር ላይ ለሚናገረው ሰውም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ስለዚህ “ይቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?” የሚል ጥያቄ ሲመጣ አሳዳሪዋ ትደነግጣለች፣ ልጅቷም ትደበቃለች። ያ ጉዳይ የሚታይበት ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። በክትባት ቀን የሚጠየቀው ዕድሜዋ ብቻ ይሁን። ይህን ያህል ጊዜ የሰጠሁት፣ መልእክቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ልጅ ይቺው ስለ ሆነች ነው፤ ስትታመም አጠገቧ እናት የላትምና።

አሁን ይጻፉ

በየቢሮው የሚመጣው ጽሑፍ በአብዛኛው ይህን ይመስላል፤ ለምሳሌ እንዲሆን እኔ ያዘጋጀሁት ነው፦

“በክፍለ ከተማችን በሚገኙ ወረዳዎች ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች የሚሰጠውን የማኅጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ዘመቻ ውጤታማ ከማድረግ አንጻር፣ ባለድርሻ አካላትን በማሳተፍ ኅብረተሰቡ በቂ ግንዛቤ እንዲጨብጥና የክትባቱ ተጠቃሚ እንዲሆን አስፈላጊው የንቅናቄ ሥራ እንዲሠራ እናሳስባለን።”

ይህ ዓረፍተ ነገር ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲሄድ ችግር የለበትም፤ የሚያዝዘው ለቢሮ ነውና። ችግሩ ሳይለወጥ የሰፈር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ነው። እናቲቱ አንብባ ስትጨርስ ምን እንድታደርግ እንደ ተጠየቀች አታውቅም። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚሠራ ሰው የለም፤ ዘመቻው ውጤታማ ይደረጋል፣ ግንዛቤው ይጨበጣል፣ ሥራው ይሠራል፤ ማን? የሚለው ግን ተሰውሯል። ያንኑ ጉዳይ ለቤት ሲጽፉት እንዲህ ይሁን፦

“ቤትዎ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆናት ልጃገረድ አለች? ሰኞ ኅዳር 9 ጠዋት ከ2፡30 ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤቷ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይላኳት፤ ክትባት ትወስዳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚሰጠው ክንዷ ላይ ነው፤ አይከፈልበትም። ክትባቱ ትልቅ ሴት ስትሆን ከማኅጸን በር ካንሰር ይጠብቃታል። ላልሰማች ጎረቤትዎ ይንገሩ።”

ልዩነቱን ቆም ብለው ይዩት። መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ነው፤ አንባቢው “ይህ እኔን ይመለከታል ወይስ አይመለከትም?” የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ይለያል። ቀጥሎ የመጣው የሚደረገው ነገር ነው። ምክንያቱ የመጣው ከድርጊቱ በኋላ ነው። የሚኒስቴሩ ስም፣ የዘመቻው መሪ ቃልና የተባባሪ ድርጅቶች ዓርማ ከታች በትንሹ ይቀመጡ፤ ሲሦውን ወረቀት ዓርማ የያዘው ፖስተር ለእናቲቱ የቀረውን ቦታ ጠባብ ያደርግባታል። የታክሲ ረዳት “ጀሞ! ጀሞ!” ብሎ ሲጠራ የታክሲውን ባለቤት ስም አይጨምርም።

ሰዓትና ቀን ላይ ይጠንቀቁ። ከላይ የሚመጣው ሰነድ አንዳንዴ በውጭ አጋሮች እጅ ስለሚያልፍ “8:30” ብሎ ይመጣል። ያንን እንዳለ ለሰፈር ከገለበጡት ሰዉ ከቀትር በኋላ 8፡30 ላይ ይመጣል፤ ያኔ ከታቢዎቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ፣ “ጠዋት” ወይም “ከሰዓት” የሚለውን ይጨምሩ፣ የሳምንቱን ቀንና የወሩን ቀን አንድ ላይ ያስፍሩ። “ከመጪው ሰኞ ጀምሮ” ብቻ ከተባለ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ሰኞው የትኛው እንደ ሆነ ይጠፋል።

ስልክ ቁጥር የሚያስገቡ ከሆነ ከመታተሙ በፊት በራስዎ ስልክ ይደውሉበት። በኮቪድ ጊዜ 8335 እና 952 የሚሉት አጫጭር ቁጥሮች ከአገር ጫፍ እስከ ጫፍ ታውቀው ነበር፤ አጫጭር ስለ ነበሩና በየቀኑ ስለ ተደጋገሙ ነው። ተደውሎበት የማይነሣ ቁጥር ግን ባይጻፍ ይሻላል፤ ሰዉ ከዚያ በኋላ በወረቀቱ ላይ ያለውን ሌላውንም ማመን ያቆማል።

ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የሚተርፈውን ይፈትሹ

በቀድሞ ዘመን አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት አስመትቶ ሲናገር “የሰማህ ላልሰማ አሰማ” ይል ነበር። ያ አነጋገር ማሳረጊያ ብቻ አልነበረም፤ የሥርጭቱ ዋና መሣሪያ ነበር። አደባባይ የተገኘው ጥቂት ሰው ነው፤ የቀረው አገር የሚሰማው ከሰማው ነው። ዛሬ ሬዲዮም ቴሌግራምም እያለ ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። እናቲቱ ከባለሙያዋ የሰማችውን ለባሏ፣ ባሏ ለእኅቱ፣ እኅቱ ቡና ላይ ለጎረቤት ትናገረዋለች። ስለዚህ የሚጽፉት ለመጀመሪያው ጆሮ ሳይሆን ለሦስተኛው ነው።

ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የዘለቀ የጤና መልእክት ማስረጃ አለን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለም ወረርሽኝ የነበረው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ፤ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ “የኅዳር በሽታ” ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰው ግቢውን ይጠርጋል፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ ደጁ ላይ ያቃጥላል፤ “ኅዳር ሲታጠን” የምንለው ይኸው ነው። ለምን እስከ ዛሬ ኖረ? ቀኑ አንድ ነው፤ ድርጊቱ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ደጅ ሊፈጽመው ይችላል፤ ጎረቤት ሲያጨስ ያላጨሰው ያስታውሳል። ያው ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያም አለው። ቀኑና ድርጊቱ ሲተርፉ ምክንያቱ ከብዙው ሰው ተለይቷል፤ ዛሬ ብዙዎች በሽታውን የሚያባርረው ጢሱ ይመስላቸዋል፤ የበሽታውን ስም የሚያውቅ ወጣትም ጥቂት ነው። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ ምክንያቱን ለብቻው በሌላ አንቀጽ አያስቀምጡት፤ ከድርጊቱ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስፉት። “ክንዷ ላይ አንድ ክትባት፤ ከማኅጸን በር ካንሰር ይጠብቃታል” ሲባል አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ያስቸግራል።

ሙከራው ቀላል ነው፤ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የጻፉትን ለጽሕፈት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ወይም ለጥበቃው ያንብቡላቸው። ቀጥሎ ሲነበብ ላልነበረ ሌላ ሰው በራሳቸው አነጋገር እንዲነግሩት ይለምኗቸው፤ እርስዎ ዝም ብለው ያዳምጡ። ያ ሁለተኛው ሰው ደግሞ ለእርስዎ መልሶ ይንገርዎት። ምን ወደቀ? ዕድሜው ወደቀ? “አንድ ጊዜ ብቻ” የሚለው ቀረ? ለወደቀው ጥፋቱ የሰሚዎቹ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ መልሶ መጻፍ አለበት። ሲጠይቋቸው በአክብሮት ይሁን፤ “ገባዎት ወይ?” ከማለት “እማማ፣ ለጎረቤትዎ እንዴት ብለው ይነግሩልኛል?” ማለት ይሻላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁሉም ሰው “ገብቶኛል” ይላል።

ሰዉ ሊፈጽመው የሚችለውን ይጠይቁ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር መልእክቱ በፍጥነት ሄደ። የስልክ ጥሪ ድምፅ ሳይቀር ማስጠንቀቂያ ሆኖ ነበር፤ እጅን በሳሙና ለ20 ሰከንድ መታጠብ፣ ርቀት መጠበቅ፣ ማስክ ማድረግ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ ያዘው። እንደ ስርጭት ካየነው ከዚያ የተሻለ ሥራ ትዝ አይለኝም። ግን ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ያንን ቃል ሲሰማ በልቡ “በምን ውሃ?” ይላል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ለጀሪካኑ እንዴት ቧንቧ እንደሚያበጁለት፣ በትንሽ ውሃ እንዴት እንደሚታጠብ፣ የትኛው ጊዜ መታጠብ ከሁሉ እንደሚቀድም።

እርስዎም መልእክቱን ከማውጣትዎ በፊት አንድ በአንድ ይመዝኑት። ልጅቷን ማን ይወስዳታል? ትምህርት ቤቷ እዚህ፣ ቤቷ ግን ከወሰኑ ማዶ፣ ፉሪ ቢሆንስ? ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተች ወዲህ የአስተዳደር ወሰኑ በሰፈር መሐል ያልፋል፤ ጠዋት ወሰኑን ተሻግራ የምትማር ልጅ የየትኛው መዝገብ እንደ ሆነች ግልጽ ካልተደረገ ሁለቱም ወገን “እዚያ ተከትባለች” ብሎ ይተዋታል። እዚህ ላይ የሚበጀው አንድ አጭር ቃል ነው፦ “የትም ብትኖር፣ በምትማርበት ትከተባለች።” ይህን ለመጻፍ ግን አስቀድሞ ከጤና ጣቢያው ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ ባለሙያው የማይፈጽመውን በእርሱ ስም ቃል አይግቡ።

መልእክቱ ሲለወጥ መለወጡን ይናገሩ

ይህን ክፍል በተለይ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ በየቢሮው ከሁሉ የሚዘለለው እርሱ ነውና። ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር፤ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ጊዜ መከተብም በቂ መከላከያ እንደሚሰጥ ከጥናቶች አይተው መከሩ። አገራችንም በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ ክትባት ዘመቻ አካሄደች፤ ዕቅዱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ይመለከት ነበር።

አሁን ራስዎን በአንዲት ታላቅ እኅት ቦታ ያስቀምጡ። እርሷ በጊዜዋ ሁለቴ ተከትባለች፤ ለታናሿ “አንድ ይበቃል” ሲባል ትሰማለች። ማንም ምክንያቱን ካልነገራት ራሷ ምክንያት ትፈልጋለች፤ መድኃኒቱ አንሶ ነው፣ የኛን ልጆች አጉድለውባቸው ነው፣ ወይም ፊት የሰጡን ልክ አልነበረም ትላለች። ሦስቱም ግምት ከዝምታ የተወለደ ነው። ስለዚህ አዲሱን ብቻ አይናገሩ፤ አሮጌውን ይጥቀሱት፣ መለወጡን ይመኑ፣ ምክንያቱን ይስጡ፦ “ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ይሰጥ ነበር። በተደረጉት ጥናቶች አንዱም እንደሚጠብቅ ስለ ታወቀ አሁን አንድ ጊዜ ሆኗል። ሁለቴ የወሰደችም በደንብ ተጠብቃለች።” እንዲህ ያለ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብዙ ሐሜት ይዘጋል። አሮጌዎቹን ፖስተሮችም ሄደው ያንሡ፤ አንዱ ጤና ጣቢያ በር ላይ “14 ዓመት” የሚል እያለ ውስጥ “ከ9 ጀምሮ” ማለት ሰዉን በገዛ ወረቀታችን ማደናገር ነው። የሚመጣልዎት ደብዳቤ ሌላ ዕድሜ ይዞ ከመጣም የሚከተሉት ደብዳቤውን ነው፤ ይህን ጽሑፍ አይደለም።

ወሬን ሲመልሱ

በክትባት ዙሪያ የሚነሣው ወሬ በብዛት አንድ ነው፤ መካን ያደርጋል ይባላል። የሚጠይቀውን ሰው አይዝለፉ። ለሴት ልጁ የሚፈራ አባት አላዋቂ አይደለም፤ ደግሞም ለምን ሴት ብቻ፣ ለምን በዚህ ዕድሜ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱን አስቀድመው አዘጋጅተው ይያዙ፦ የማኅጸን በር ያላት ሴት ናት፤ ክትባቱም የሚጠቅመው ልጅቷ ከቫይረሱ ጋር ሳትገናኝ ሲሰጥ ነው፤ ስለዚህ በልጅነቷ ይሰጣል። መካንነትን በተመለከተ ክትባቱ በብዙ አገሮች ለብዙ ዓመታት ተሰጥቶ እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየበትም። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአፍሪካ ቀድማ በአገር አቀፍ ደረጃ ጀምራው ከመቶ ዘጠና በላይ ልጃገረዶቿን ከትባለች። የሚያስከትለውን ሕመምም አይደብቁ፤ ክንድ ያማል፣ ትንሽ ትኩሳት ይኖራል፣ አንዳንዷ ልጅ ከፍርሃት ራሷን ትስታለች፤ ስለዚህ ከተከተበች በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ትቀመጥ። ይህን ቀድሞ የነገረ ሰው ማታ ልጅቷ ሲያተኩሳት ይታመናል፤ “ምንም አያደርግም” ያለው ግን በዚያች ማታ ተአማኒነቱን ያጣል።

በጽሑፍ ሲመልሱ ወሬውን ርእስ አያድርጉት። “ክትባቱ መካን ያደርጋልን?” ብሎ በትልቁ የጻፈ ፖስተር ያላሰበውንም ሰው ያሳስባል። እውነቱን አስቀድመው፣ ወሬውን መሐል ላይ በአጭሩ ጠቅሰው፣ እንደ ገና በእውነቱ ይጨርሱ።

ዝም ማለት ደግሞ ምን እንደሚያስከፍል ጃፓን ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ስለ ጎንዮሽ ጉዳት የተሰማ ዜና ሲበዛ መንግሥቱ ክትባቱን ሳይከለክል በንቃት መምከሩን አቆመ። ከመቶ ሰባ ገደማ የነበረው የተከታቢ ልጃገረዶች ቁጥር ከመቶ አንድ በታች ወረደ። ምክሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ክትባቱ ያኔም በነፃ ነበር፤ የጎደለው የመንግሥት ግልጽ ቃል ነበር።

ቋንቋና መንገድ

መልእክቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ። ትርጉሙን ቢሮ ውስጥ ቋንቋውን “ትንሽ የሚችል” ሰው አይሥራው፤ ቤቷ ውስጥ የምትናገረው የጤና ባለሙያ ትሥራው። መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ነው፤ የሚዘጋጀው ቪዲዮ የምልክት ቋንቋ ይኑረው፣ ጽሑፉም ይታይ። ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕል ይበቃል፤ በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ሠራተኞች የታመመ ሕፃን ፎቶ ያለበት ካርድ እያሳዩ “እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?” እያሉ ከመንደር መንደር ዞረዋል፤ በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ ተመዘገበ።

መንገዱን በተመለከተ ረጅም ምክር የለኝም። የዕድር ስብሰባ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ የእሑድ ገበያ፣ የሕንፃው የቴሌግራም ግሩፕ፣ ልጅቷ ይዛ የምትሄደው ወረቀት፤ ሁሉም ይሠራሉ። ልዩነት የሚያመጣው በሁሉም ቦታ የሚነገረው ቃል አንድ መሆኑ ነው። ካህኑ፣ ኢማሙ፣ የዕድር ሰብሳቢውና ርእሰ መምህሩ ያቺኑ አጭር ጽሑፍ በእጃቸው ይያዙ። የሚናገሩትን ለማሳመር የራሳቸውን እንዲጨምሩ አይከልክሏቸው፤ ቀኑን፣ ዕድሜውንና ቦታውን ግን እንዳለ እንዲያነቡት አደራ ይበሏቸው።

ጥያቄውን ወደ ላይ ይመልሱ

በዘመቻው ሳምንት ባለሙያዎቹ ከቤት ቤት ሲዞሩ ሰው የጠየቃቸውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ይያዙ። ማታ ማታ ይሰብስቡት። ሦስት ሰፈር የጠየቀው ጥያቄ ካለ መልእክትዎ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት ያርሙት እንጂ ዘመቻው እስኪያልቅ አይጠብቁ።

ሳምንቱ ሲያበቃ እነዚያን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ጽፈው ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ይላኩ። ከስንት ሰው ስንቱ ተከተበ የሚለው ሪፖርት ለብቻው ይሄዳል፤ ይህ ሌላ ነው። ሰዉ ምን ፈራ፣ የቱ ቃል አልገባውም፣ የትኛዋ ልጅ ለምን ቀረች የሚለውን ይጻፉ። እናንተም በክፍለ ከተማ፣ በቢሮና በሚኒስቴር ያላችሁ ያቺን ገጽ በማኅደር አትዝጉባት፤ ለሚቀጥለው ደብዳቤ ረቂቅ ጸሐፊ ስጧት። የጀሞ እናት ጥያቄ እስከ ሚኒስቴሩ ካልወጣ የሚቀጥለውም ደብዳቤ እንደ አምናው ተጽፎ ይወርዳል።